ራሱ ላይ የሚወጣው ባቡር

አባቴ ባቡር ነጂ ነበር፤ የምንኖረው ግን ባቡር በማይደርስበት ሐረር ነው። ሰኞ በማለዳ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ አቦከር ሠፈር ወዳለው ቤታችን ይመጣል። የሠፈሩ ልጆች አባቶች ነጋዴ፣ አስተማሪ፣ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እኔ "የኔ አባት ባቡር ይነዳል" ስል አንገቴ አንድ ስንዝር ይረዝማል። ከልጆቹ ግማሾቹ ባቡር በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበርና የምላቸውን ሁሉ ከመቀበል ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም።

እውነቱን ለመናገር እኔም አላየሁም ነበር። መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት፣ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ፣ አባቴ ይዞኝ ድሬዳዋ ወረደ። ከጣቢያው ትንሽ ራቅ ብሎ ሀዲዱ አጠገብ አቆመኝና "ጎንበስ በይና ንኪው" አለኝ። ነካሁት። ብረቱ ከፀሐዩ የተነሣ ያቃጥላል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ "አሁንም ንኪው" አለኝ። ብረቱ ውስጥ አንድ ነገር ይነዝራል። ባቡሩ ገና አይታይም፣ ድምፁም አይሰማም፣ እየመጣ መሆኑን ግን እጄ ዐወቀ። አባቴ ብብቴን ይዞ ወደ ኋላ ሳበኝ። ከዚያ መጣ! መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ጡሩምባው ጮኸ፣ ፉርጎዎቹን እየቆጠርኩ አሥራ ምናምን ላይ ስደርስ ተምታታብኝና ቆጠራውን ትቼ መጮህ ጀመርኩ። አልፎን ሲሄድ አባቴን "ድገመው!" አልኩት። ባቡሩን ያመጣው እሱ መስሎኝ ነበር።

ወደ ሐረር ስንመለስ ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ተያያዘው። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ የድሬዳዋ ሜዳ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ከታች ይታያል። "ባቡሩ ለምን እዚህ አይወጣም?" ብዬ ጠየቅሁ። አባቴ ከፊታችን የተቀመጡትም ሰዎች እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ ነገረኝ። ባቡር እንደ መኪና ዳገት አይችልም። መውጣት የግድ ከሆነ ተራራው ውስጥ ዋሻ ይቆፈርለታል፤ በጨለማው ውስጥ እየዞረ እየዞረ ይወጣና ከገባበት ቀዳዳ በላይ ብቅ ይላል። ባቡሩ ረጅም ከሆነ ጭንቅላቱ ከላይ ወጥቶ ጅራቱ ገና ከታች እየገባ ነው። በፈረንጅ አገር፣ በረዶ በማይለያቸው ተራሮች መካከል እንዲህ ያለ መስመር አለ። መስመሩ አጠገብ አንዲት ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለች። ተሳፋሪው በመጀመሪያ ከራሱ በላይ ያያታል፣ ዋሻ ገብቶ ሲወጣ በዓይኑ ትክክል ትሆናለች፣ ሌላ ዋሻ ገብቶ ሲወጣ ደግሞ ከእግሩ በታች።

"ሦስት ጊዜ!" አለ አባቴ ሦስት ጣቶቹን አውጥቶ። "ለሥልጠና ተልኬ የሄድኩ ጊዜ በዚህ በዓይኔ አየኋት።"

ያን ክረምት የግቢያችንን ግድግዳ በከሰል ዋሻ በዋሻ አደረግሁት። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ለክፍሉ በሙሉ ተናገርኩ። አስተማሪያችን ሳቀና "አባትሽ ተረት ነግሮሽ ነው፤ ባቡር ራሱ ላይ አይወጣም" አለ። "አንተ አላየህም፣ እሱ ግን አይቷል!" አልኩት። አስተማሪን እንዴት አንተ ትያለሽ ተብዬ ሰሌዳው ሥር ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ተላጠ እንጂ የተናገርኩትን አልመለስኩም። እንዲህ ነኝ፤ አንድ ነገር ከያዝኩ አለቅም።

የባቡሩ ጉዞ እየሳሳ ሄዶ አባቴ ጡረታ ወጣና ጠቅልሎ ሐረር ገባ። እኔም በዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ተምሬ ፈረስ መጋላ ገበያ አጠገብ ባለ አንድ ማሠልጠኛ ቤት አስተምር ነበር። አባቴ ከሰዓት ከሰዓት ከሠፈሩ ትልልቅ ሰዎች ጋር በርጫ መቀመጥ ጀመረ። በርጫ ላይ የሚቀርበው ጫት ብቻ አይደለም፤ ወሬም ይቀርባል፣ ሁሉም ያለውን ያወጣል። አባቴ ያለው ባቡሩ ነበር።

ከተቀማጮቹ መካከል ቃላቸው የሚከበረው ሐጂ ነበሩ። ሐጂ ከከተማው በላይ ካለው ከሐኪም ተራራ ወገን የመጡ፣ ገበሬም ነጋዴም የሆኑ ሰው ናቸው። ድንችና ጫት ድሬዳዋ ያወርዳሉ፣ ሠፈሩ ሲጣላም የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ራሱ ላይ ስለሚወጣው ባቡርና ሦስት ጊዜ ስለምትታየው ቤተ ክርስቲያን ከሰሙ በኋላ የያዙትን ጫት አስቀመጡና "አቦ፣ ይሄን ያየህ ባቡር ላይ ሆነህ ሳይሆን ጫት ላይ ሆነህ ነው!" አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ከዚያን ቀን ወዲህ የአባቴ ስም "ሦስቴ" ሆነ።

እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነው፤ አባቴም አብሮ ይስቅ ነበር። ሳቁ የቆመው በአንድ ግንብ ጉዳይ ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት ጎረቤታችን ከአጎራባቿ ጋር በአጥር ግንብ ተጣላች። እሷ ግንቡ የጋራችን ነው ትላለች፣ ሰውየው የኔ ብቻ ነው ይላል። ግንቡ ሲሠራ አባቴ ቆሞ አይቷል፤ ድንጋዩን ሁለቱም ቤቶች እኩል እንዳመጡ ያውቃል። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ሐጂ ሰብሳቢ ሆኑ፣ አባቴ ተጠርቶ ያየውን ተናገረ። ሐጂ ፈገግ ብለው "ስንት ጊዜ አየኸው? ሦስቴ?" አሉ። ሁሉም ሳቀ። ምስክርነቱ በዚያው ቀረ፣ ሴትዮዋም ግንቡን አጣች።

አባቴ ቤት ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ሰው ቃሌን ካልተቀበለኝ ምን ቀረኝ?" አለ። ከዚያ በኋላ በርጫ መሄዱን ተወ፤ ሴትዮዋን መንገድ ላይ ሲያይ እንኳ በሌላ በኩል ይዞራል። እኔ በንዴት እንቅልፍ አጣሁ። ያን ተራራ ነቅዬ አምጥቼ ሐጂ ደጃፍ ላይ ባስቀምጠው ደስ ባለኝ ነበር።

ተራራው በሲዲ መጣ። ለተማሪዎቼ የጽሕፈት መለማመጃ ፍለጋ ድሬዳዋ ወርጄ አንድ ነጋዴ የዘረጋቸውን ሲዲዎች ስገላብጥ የባቡር መንዳት ጌም አገኘሁ። ሽፋኑ ላይ ባቡር፣ ተራራና ዋሻ አለ። ከጀርባው ካሉት ትንንሽ ሥዕሎች በአንዱ ላይ ነጭ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ተራራው ሥር ይታያል። ዋጋውን እንኳ ሳልጠይቅ ብሬን አወጣሁ። ነጋዴው "ለልጅሽ ነው?" አለኝ። "ለአባቴ ነው" አልኩት።

ማሠልጠኛ ቤቱ ካሉት ኮምፒውተሮች በደህናው ላይ ጫንኩት። ያም ቢሆን ያቃስታል። ተራራው ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ እየሆነ ነው የሚመጣው፣ ዛፎቹም ባቡሩ አጠገባቸው ሲደርስ ድንገት ይበቅላሉ። ግን ባቡሩ ይሄዳል! ከነጂው ክፍል ሆኖ ማየት ይቻላል፣ ከውጭ ሆኖ ማየትም ይቻላል። እኔ ከውጭ፣ ከሰማይ ሆኜ ዋሻውን ጠበቅሁት። ባቡሩ በታችኛው ቀዳዳ ገባ። ፉርጎዎቹ ተከታትለው ይገባሉ፣ ይገባሉ፣ ገና አላለቁም። በላይኛው ቀዳዳ መብራት ታየ፤ ከዚያ የባቡሩ አፍንጫ ወጣ። ጅራቱ ከታች፣ ጭንቅላቱ ከላይ! ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። ዎርድ ሲለማመዱ የነበሩት ተማሪዎቼ ዞረው አዩኝ። የዚያን ቀን ትምህርት በዚያው አበቃ፤ አሥራ ሁለት ሰው አንድ ስክሪን ላይ ተደፍተን ባቡሩን ስድስት ጊዜ ተራራ አስወጣነው።

በማግስቱ አባቴን አመጣሁት። "ይኸው! አላልኩም?" ብሎ የሚጮህ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን መነጽሩን አድርጎ ተቀመጠ። ባቡሩ ተነሥቶ ጥቂት እንደሄደ "በየት በኩል ነው የምትታየው፣ በግራ ወይስ በቀኝ?" ብሎ ጠየቀኝ። ረስቶት ይሆናል ብዬ "ዝም ብለህ እይ" አልኩት። ቤተ ክርስቲያኗ ከመታየቷ በፊት ተነሣ።

"ዓይኔን ደከመኝ" አለ።

"ለሐጂ ላሳያቸው ነው" አልኩት።

"ተይው ልጄ፣ ምን ያደርግልሻል?"

እኔ ግን የምተው ሰው አይደለሁም። ሐጂን ፈረስ መጋላ ላይ ጭነት ሲያስወርዱ አገኘኋቸውና ሰው እየሰማ "ሐጂ፣ አባቴን ውሸታም ብለዋል። ይምጡና በዓይንዎ ይዩ" አልኳቸው። ሠራተኞቹ ጆንያ እንደተሸከሙ ቆመው ቀሩ። ሐጂ እንዲህ ዓይነት ድፍረት ከሴት ልጅ አልጠበቁም መሰለኝ፣ ሁለት የበርጫ ጓደኞቻቸውን አስከትለው መጡ።

ባቡሩን አስነሣሁት። ቤተ ክርስቲያኗ ከላይ ታየች። "አንድ" አልኩ። ባቡሩ ዋሻ ገባ። መብራት ሄደ።

ሁሉም ስክሪኖች ባንዴ ጠፉ። "ይሄ ዋሻው ነው?" አሉ ሐጂ።

"አይ፣ መብራት ነው የጠፋው።"

"ታዲያ ባቡሩስ?"

"ውስጥ ቀረ።"

"ሰው አለበት?"

"የለበትም ሐጂ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉና የዐስር ሶላት ደርሶ ስለነበር ተነሥተው ወጡ። በቃ አይመለሱም ብዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። መብራቱ ሲመጣ ግን እሳቸውም ከነጓደኞቻቸው በሩ ላይ ቆመው "ያ ባቡር ወጣ?" አሉ። ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው። አንድ፤ ዋሻ። ሁለት፤ ዋሻ። ሦስት። ጓደኞቻቸው አብረውኝ ይቆጥሩ ነበር፤ ሐጂ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ ጌም ነው። ጌም ላይ ሰውም ይበራል፤ የልጅ ልጆቼ አሳይተውኛል።"

እውነታቸውን ነው። ንዴቴ ግን መልስ ሰጠኝ። "ሐጂ፣ ደንገጎን ስንት ጊዜ ወጥተዋል?" አልኳቸው።

"እሱን አላህ ይቁጠረው።"

"ሲወጡ አንዱን ቤት ስንት ጊዜ ያዩታል?"

"መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር፣ ሦስትም አራትም ጊዜ..." አሉ። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ባቡሩን መልሼ ከውጭ አሳየኋቸው፤ ጭንቅላቱ ከላይ እየወጣ ጅራቱ ከታች ይገባል። የሐጂ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ራሳቸው ሄደ፣ ጥምጣማቸውን ነካ። "ጥምጣም ነዋ!" ብለው ጮኹ። ፈቱት። መላጣቸውን ያን ቀን ገና አየሁት። ረጅሙን ነጭ ጨርቅ በጉልበታቸው ዙሪያ መጠምጠም ጀመሩ። "ይኸው፣ እዚህ ይገባል፣ ይዞራል፣ በራሱ ላይ ይወጣል! በራሱ ላይ! ሱብሃነላህ! በየቀኑ ጭንቅላቴ ላይ ተሸክሜው እየዞርኩ!" ጓደኞቻቸው ይስቃሉ፣ ተማሪዎቼ ያጨበጭባሉ፣ እኔ ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ ወንበር ላይ ወጥቻለሁ።

ሐጂ ግን ድንገት ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ ተዉት። "ሰውየውን በሰው ፊት ነው ያዋረድኩት" አሉ። "ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እዚሁ ይምጣልኝ። አፉ እንዲለኝ እፈልጋለሁ።"

በኛ አገር የበደለ ሰው "አፉ በለኝ" ብሎ ይለምናል፤ የተበደለው "አፉ ብያለሁ" ካላለው በደሉ አንገቱ ላይ ይቀራል። በሰው ፊት የተሠራ ደግሞ በሰው ፊት ነው የሚነሣው። ዓርብ ማሠልጠኛ ቤቱን አጥቤ፣ ወንበር ደርድሬ፣ ሳምቡሳ አስጠብሼ ጠበቅሁ። ሠርግ የደገስኩ ነው የመሰለኝ። አባቴ አልሄድም ብሎ አስቸገረ፤ ኮቱን ይዤ እየጎተትኩ አመጣሁት። የበርጫው ሰዎች በሙሉ የተማሪ ወንበር ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል። ግንቡን ያጣችው ጎረቤታችንም ሰምታ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

ሐጂ ተነሡ። "ወንድሜ፣ እውነት የተናገርከውን ሰው ውሸታም አልኩህ፣ ስም አወጣሁብህ፣ ሰው አሳቅሁብህ። ለአላህ ብለህ አፉ በለኝ" አሉ።

ሁሉም አባቴን ያያል። አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። "አልልህም" አለ።

ማጉረምረም ተነሣ። ኩራት ነው ብዬ አፈርኩ። ሐጂ እግሩ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ አባቴ ትከሻቸውን ይዞ አነሣቸው።

"ሐጂ፣ የበደልከኝ የለም። እኔ እዚያ ባቡር ላይ አልነበርኩም" አለ። "ያየው አብሮኝ የሚነዳ ጓደኛዬ ነው። ለሥልጠናው አንድ ሰው ተፈለገ፣ ሁለታችን ዕጣ ተጣጣልን፣ ለሱ ወጣለት። ከተመለሰ በኋላ ስንነዳ ከዚያ ወሬ ሌላ አያወራም ነበር። ከዚያ ሞተ። ሲሞት የሚያወራው ሰው ጠፋ። እኔ ማውራት ጀመርኩ፤ እሱ አየ ብዬ ስናገር ማንም አይሰማኝም፣ እኔ አየሁ ስል ልጄ ዓይኗ ይበራል። በዚያው ቀረ።"

ደሜ ፈላ። ሰሌዳው ሥር የተንበረከክሁት፣ ሐጂን ገበያ መሀል ያፋጠጥኩት ሁሉ ባንዴ መጣብኝ። በሕይወቴ አባቴን የጠላሁት ያን ደቂቃ ብቻ ነው። ከኋላ አንዱ ሳቁን ሊያፍን ሲሞክር አመለጠው፤ ሐጂ ዞረው አዩትና ዝም አለ።

"ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?" አሉት አባቴን።

"ማንም። ግን ያኛው የበርጫ ወሬ ነው፣ አፉ ማለት በፈጣሪ ስም ነው። ይሄኛውን አልችልም።"

ሐጂ ወደ እሱ ቀረብ አሉ። "ግንቡንስ?" አሉ።

"ግንቡን አይቻለሁ" አለ አባቴ ቀና ብሎ። "ድንጋዩ ሲወርድ፣ መሠረቱ ሲቆፈር፣ ቆሜ አይቻለሁ።"

"ሰማችሁ?" አሉ ሐጂ ወደ ሰዉ ዞረው። "ሳይጠየቅ ራሱን ያዋረደ ሰው ስለ ሰው ግንብ አይዋሽም። ነገ እንደገና እንቀመጥበታለን፤ የዚህች ሴት ድርሻ ይመለሳል።" ወደ አባቴ ዞሩ። "እንግዲያው የምለምንህ ስለ ግንቡ ነው። አፉ በለኝ።"

"አፉ ብያለሁ" አለ አባቴ። ሴትዮዋ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች፣ የኔም ንዴት የት እንደገባ አላውቅም።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ቆመሻል?" አሉኝ ሐጂ እንባዬን ስጠርግ አይተው። "ክፈቺው እንጂ! ይሄ ሰውዬ ይይ!"

አባቴን ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው። ፍጥነቱ በዚህ፣ ፍሬኑ በዚህ፣ ጡሩምባው በዚህ ብዬ ቁልፎቹን አሳየሁት። መጀመሪያ ቁልፎቹን በአንድ ጣት ብቻ ይነካ ነበር። ባቡሩ ሲነሣ ግን ትከሻው ሰፋ፣ ወገቡ ቀና አለ፤ ድሬዳዋ የማውቀው አባቴ ተመለሰ። እኔ ሁልጊዜ በኃይል የምገባበትን ጠመዝማዛ እሱ ገና ከሩቅ ፍሬን ይዞ ለስለስ አድርጎ ገባበት። ሰዉ ሁሉ ከወንበሩ ተነሥቶ ከኋላችን ተደራርቧል። ቤተ ክርስቲያኗ ከላይ ብቅ ስትል "አንድ!" ብለው ጮኹ። አባቴ ጡሩምባውን ነፋ። ባቡሩ ዋሻ ገባ፤ አንዱ "ያ ረቢ፣ መብራቱን አደራ!" አለ። ወጣን። "ሁለት!" ዳግመኛ ጨለማ፤ የሐጂ እጅ የአባቴን ወንበር ጠፍንጎ ይዟል። ብርሃን መጣ። "ሦስት!" ቤቱ በጩኸት ተናጋ፣ የመንገድ ሰው በመስኮት አጮለቀ።

አባቴ አልጮኸም። ፍሬኑን ቀስ አድርጎ ያዘና ባቡሩን እዚያው አቆመው። ባቡሩን እዚያ ማቆም እንደሚቻል እኔ አስቤው አላውቅም ነበር። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ ከታች ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ተመለከተ። ሁላችንም ምን እንደሚል እንጠብቃለን።

"ትንሽ ናት" አለ። "እሱ ትልቅ ናት ነበር ያለኝ።"